ትርጉሙን የሚነግረን ጠፋ

ስክራብል የተባለውን የቃላት ጨዋታ የምንጫወት ሰዎች አንድ የጋራ ሕመም ይዞናል። አንድ ሰው ሰባት የፊደል ጠጠር ፊት ለፊቱ ደርድሮ፣ ዐይኑ እስኪፈዝ ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ ሙሉ ቃል ያወጣል፤ ሰው የሚናገረው፣ ጋዜጣ የሚጽፈው፣ ልጅም አዋቂም የሚያውቀው ቃል። 14 ነጥብ ይጻፍለታል። ቀጥሎ ባለተራው አንዲት ኪው ያነሣና ሁለት «አይ» የሚባሉ ፊደላት በሚዋሰኑበት ጥግ ላይ ጣል ያደርጋታል። ወደ ጎን ኪው-አይ፣ ወደ ታችም ኪው-አይ። 62 ነጥብ። «ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አለ እኮ!»

መኖሩንማ አየነው። የጠየቅነው ትርጉሙን ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ለንደን፣ በዓል ሲሆን፣ ቡናው ተጠጥቶ ሰሌዳው ሲዘረጋ ከአዋቂዎቹ አፍ የሚወጣው ይኸው ነው። እኛ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማርን፣ እያንዳንዱን ቃል ከነትርጉሙ ደብተር ላይ እየጻፍን በስንት ልፋት የያዝን ሰዎች ነን። ትርጉም የሌለው ቃል ለእኛ ቃል አይደለም። ልጆቹ ደግሞ የባለሁለት ፊደል ቃላቱን ዝርዝር ከስልካቸው ላይ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃላቸው አጥንተው ይመጣሉ። ትርጉሙን ግን አንዱም ይዞት አልመጣም። «ጋሼ፣ ትርጉሙ ነጥብ የለውም እኮ» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ የለውም።

ነጥቡ ከየት እንደሚመጣ ለማያውቅ ላስረዳ። በእንግሊዝኛው ስክራብል ኪው 10 ነጥብ ናት። ፊደልን በሦስት የሚያባዛው ካሬ ላይ ስታርፍ 30 ትሆናለች፤ የ«አይ» አንድ ነጥብ ሲጨመርባት 31። ቃሉ በሁለት አቅጣጫ ከተሠራ 31 ሁለት ጊዜ ይታሰባል። ሕጉ ነው፤ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም። አጭር ቃል የዚህ ጨዋታ ጅማት መሆኑንም አልክድም። ሰሌዳው 15 በ15 ነው፤ ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ቦታው ይጠብባል፣ በጠበበ ቦታ ረጅም ቃል አይገባም። ባለሁለት ፊደል ቃላትን የማያውቅ ተጫዋች አንዱን ቃል ከሌላው አጠገብ ማስጠጋት አይችልም፤ ስለዚህ ይሸነፋል። አጫጭሮቹ ቃላት ይጠኑ። ሲጠኑ ግን ቅርፊታቸው ብቻ ለምን ይጠናል? ያደከመን ይህ ነው።

ጨዋታው ሲነሣ መነሻው የሚነበብ ቃል ነበር። የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የተባለ የኒው ዮርክ ግዛት ሰው ነው፤ ሙያው የሕንፃ ንድፍ። በ1930ዎቹ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው፣ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ አጥቶ በነበረበት ዘመን ነው ነገሩን ያሰበው። የትኛው ፊደል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመወሰን ጋዜጣ ዘርግቶ ገጹ ላይ ያሉትን ፊደላት ቆጠረ። ደጋግመው የሚመጡት ብዙ ጠጠርና ጥቂት ነጥብ ተሰጣቸው፤ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉት ጥቂት ጠጠርና ብዙ ነጥብ። ከ100ው ጠጠር 12ቱ «ኢ» ሲሆኑ ኪው አንዲት ብቻ ናት፤ ዜድም እንዲሁ። ጄምስ ብሩኖ በ1948 ስክራብል የሚለውን ስም ሰጥቶ ለገበያ ያቀረበው ጨዋታ በዚህ ቆጠራ ላይ የቆመ ነው። ሰው ጠዋት ከሚያነበው ጋዜጣ ላይ ማለት ነው። ዛሬ በዚያ ቆጠራ ትልቁን ነጥብ የሚሰበስቡት ቃላት ግን በትስ በዘረጋቸው ዓይነት ገጾች ላይ በፋኖስ ቢፈለጉ የማይገኙ ናቸው።

የነገሩ ሥር ይህቺው ኪው ናት። በእንግሊዝኛ ኪው ያለ ዩ የምትሄድበት ቃል ጥቂት ነው፤ ዩ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ አራት ብቻ ናት። ዩዎቹ ካለቁ በኋላ ኪው የደረሰችው ሰው እስከ መጨረሻው ተሸክሟት ይቀመጣል፣ ጨዋታው ሲያልቅም ነጥቧ ይቀነስበታል። ስለዚህ ተጫዋቾች ኪውን ያለ ዩ የሚገላግል ቃል ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ለቀሙ። ከቻይና ኪው-አይ መጣች። «ቺ» ተብላ ትነበባለች፤ በሰው አካል ውስጥ ይዘዋወራል የሚባለው የሕይወት ኃይል ናት። የቻይና ባህላዊ ሕክምና ከነመርፌው የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፤ ሊቃውንት በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲጽፉበት ኖረዋል። በሰሜን አሜሪካው የተፈቀዱ ቃላት ዝርዝር የገባችው በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳችን ላይ የማትወጣበት ጨዋታ ጥቂት ነው፤ ስለዚያ የሕይወት ኃይል ግን ከተጫዋቾቹ አንዱ እንኳ አንዲት ነገር ሲል አልተሰማም።

በዚያው ዓመት ዜድ-ኤ ገባች። ይህቺ ከፊቷ ተቆርጣ የቀረች ፒዛ ናት። የፒዛ ቤት ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ወዳጆች አሉኝ፤ ደንበኛ በዚህ ስም ሲያዝ ሰምተው እንደማያውቁ ነግረውኛል። ዓለም ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ የሚላት፣ የጎንደር ባለሱቅና የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት ሳይቀሩ የሚጠቀሙባት «ኦኬ» ግን በዚያው ዝርዝር የተፈቀደችው በ2018 ነው። ምክንያት አለው፤ በትልልቁ ፊደል ብቻ የሚጻፍ ቃል በጨዋታው ክልክል ነው፣ መዝገበ ቃላቱም ኦኬን እንደዚያ ነበር የሚጽፋት። ምክንያቱን ሰምቻለሁ። ቢሆንም ሰው የማይናገረው ቃል ለ12 ዓመት ገብቶ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ደጅ ሲጠና ማየት ያደክማል።

ዝርዝሩ ሁለት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የሚሠራበት አንድ፣ በእንግሊዝና በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት፣ ኮሊንስ የሚያሳትመው ሌላ። የሰሜን አሜሪካው ባለሁለት ፊደል ቃላት 107 ናቸው፤ የኮሊንሱ በ20 ያህል ይበልጣሉ። ለሠርግ ከለንደን የመጣ የአጎት ልጅ ዜድ-ኦ ብሎ ሲያስቀምጥ የሜሪላንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «የለም» ይለዋል። የለንደኑም ስልኩን አውጥቶ «አለ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጭቅጭቁ ሲካረር ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ጨዋታው ይበተናል። ዜድ-ኦ እኮ በሂማላያ አገሮች ከያክና ከላም የሚዳቀል የቀንድ ከብት ነው። ወንዱ እንደ በቅሎ መካን ነው፤ ሴቷ ግን ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ይህ ቢነገር ኖሮ በከብት እርባታ ዕድሜያቸውን የፈጁት አያታቸው እዚያው ሶፋ ላይ ዝም ብለው አይቀመጡም ነበር። ስለ በቅሎ አወላለድ፣ ስለ ከብት ዘር አመራረጥ የሚያውቁት ከማንም መዝገብ ይበልጣል። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር የሚያወሩት ጠፍቷቸው በዓል በመጣ ቁጥር ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ፤ ወሬው ግን ሰሌዳው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የገዛ አገራችን ቃላት ነገር ነው። ጫትን እንይ። በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ በኬ-ኤ-ቲ፣ በኬ-ኤች-ኤ-ቲ፣ በኪው-ኤ-ቲ። ሦስቱም ሰሌዳው ላይ ያልፋሉ። ባለ ኪዋ ያለ ዩ ከሚሄዱት አጫጭር ቃላት አንዷ ስለሆነች ጀማሪ ተጫዋች ገና ከጅምሩ ይማራታል፤ በጭንቅ ጊዜ የምታወጣ ቃል ናት። በሥራ ቦታ በምሳ ሰዓት የሚጫወት ሰው ኪው-ኤ-ቲ አስቀምጦ ነጥቡን ሲጽፍ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የሐረርጌ ሰው ነው። አወዳይ ገበያን እያየ ያደገ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ሳይጠወልግ እንዲደርስ መኪናው እንዴት እንደሚበር፣ ለጅቡቲና ለሶማሊያ ገበያ እንዴት እንደሚጫን፣ ገበሬው የአያቱን ቡና ነቅሎ ጫት የተከለበትን ምክንያት፣ በርጫ ላይ ሰው ሲሰበሰብ የሚወራውን፣ ስንት ልጅ ያስተማረና ስንት ትዳር የበተነ ተክል እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው። ቅጠሉ በውስጡ ባለው ካቲኖን የተነሣ በአሜሪካ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በብሪታንያም ከ2014 ጀምሮ ተከልክሏል። በዚህ ክልከላ ምክንያት ስንት የምሥራቅ አፍሪካ ነጋዴ ሱቁን እንደዘጋ፣ ስንት እናት ደግሞ እፎይ እንዳለች ያ ሰው ሊናገር ይችል ነበር። የተባለው ግን «ተራህ ነው» ብቻ ነው።

ብርም አለች። በእንግሊዝኛ አራት ፊደል ናት፣ ሁለት አር ያላት። በመዝገቡ ሁለት ትርጉም ይዛ ትገኛለች፤ አንዱ የእኛ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ከነገሩ የማይገናኝ፣ እንደሚሽከረከር ነገር ድምፅ ማሰማት ማለት ነው። ብዙ ቁጥሯን የሰሜን አሜሪካው መዝገብ በስምንት ፊደል «ብሮች» ብሎ ይጽፈዋል፤ ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች። የአማርኛ የብዙ ቁጥር ምልክት «ኦች» እንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ተዘርግታ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም፤ ይህንን ቃል ሳይ ልቤ ሞቅ ይላል። ሰባቱንም ጠጠር ከሰሌዳው አንድ ፊደል ጋር አገናኝቶ የጨረሰባት ሰው 50 ነጥብ ጉርሻ ያገኛል። ነገር ግን እኛ እንዲህ አንቆጥርም። አምስት ብር፣ መቶ ብር፣ ሚሊዮን ብር እንላለን እንጂ «መቶ ብሮች» የሚል ሰው ከመርካቶ እስከ ሰቲት ሁመራ አይገኝም። «ብሮቹ» የምንለው ኖቶቹን ይዘን ስንጠቁም ነው፤ «ብሮቹ አርጅተዋል፣ ቀይሩልኝ» ስንል። አንድ አማርኛ ተናጋሪ ጠጋ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ይህንን ወዲያው ይረዳው ነበር።

ስለ ብር የሚነገረው ደግሞ ስንት ነው! ቃሉ መጀመሪያ ማዕድኑ ነው፤ የማሪያ ቴሬዛውን ሳንቲም ጠገራ ብር ያሰኘውም ይኸው ነው። በ1945 የወጣው ገንዘባችን በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል ነበር፤ ባላገሩ ግን ያኔም ብር ነበር የሚለው። በእንግሊዝኛም ብር ተብሎ የጸናው በ1976 ነው። ወላጆቻችን የሚያስታውሱት ታሪክ ነው፤ በአንዲት አራት ፊደል ቃል የሚከፈት። ልጆቹ ቃሏን በሰሌዳው ላይ ያውቋታል፣ ከአገር ሲመለሱም በኪሳቸው ቀርታ ያገኟታል፣ ሁለቱን የሚያገናኝላቸው ግን የለም።

ጤፍ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ታልፋለች። የማዕረጉ ራስ ያልፋል። የስሜኑ ጭላዳ «ገላዳ» ተብሎ ያልፋል። ንጉሥም ያልፋል፤ በዚያው አጻጻፍ ደግሞ በ18ኛው መቶ ዘመን ከኮሎኔል ፍራንሲስ ኔገስ ስም የተወሰደ፣ የወይን ጠጅ በትኩስ ውሃና በስኳር ተበጥብጦ የሚጠጣ የእንግሊዞች መጠጥ አለ። የእኛን ንጉሥ ከዚያ መጠጥ የሚለየው ትርጉሙ ብቻ ነው፤ ትርጉሙን ደግሞ የሚናገር የለም።

የእኛ እንዲህ ካመመን የሌላውም ሊያመን ይገባል። ኤ-ኤ የምትባለዋ ቃል ከሃዋይ የመጣች ናት፤ ከእሳተ ገሞራ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ገጹ የሚሾል፣ በባዶ እግር የማይረገጥ ዐለት። አፋርን ያየ ሰው ይህን ዐለት ያውቀዋል። ኤርታሌ ድረስ የተጓዘ ጫማው እስኪቀደድ ረግጦታል፤ የሳይንስ መጻሕፍትም ያንን ዓይነት ዐለት የሚጠሩት በዚህችው የሃዋይ ቃል ነው። ስንቱ ተጫዋች ነው ኤ-ኤን በየሳምንቱ እያስቀመጠ ድንጋይ መሆኗን እንኳ የማያውቀው!

ኤ-አይ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ናት። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ በእያንዳንዱ እግሩ ሦስት ጥፍር ያለው፣ እጅግ ቀርፋፋ የሆነ አውሬ ስም ናት፤ የዚያ አገር ጥንተ ነዋሪዎች የሰጡት፣ ከጩኸቱ የተወሰደ። አሁን አሁን ልጆቹ ሲያስቀምጧት ሰው ሠራሽ አስተውሎት እየመሰላቸው ነው። ያ ምህጻረ ቃል ስለሆነ በጨዋታው አይፈቀድም። ያ እንስሳ በገዛ ስሙ ለአንድ ማሽን ቦታውን ሲለቅ ዐይናችን እያየ ነው፤ አንዲት ዐረፍተ ነገር ታድነው ነበር።

ኬ-ኤ እና ቢ-ኤ ከጥንቷ ግብፅ ናቸው፤ ሁለቱም ከሞት በኋላ የሚቀረውን የሰው መንፈስ የሚመለከቱ፣ ግን የተለያዩ። የግብፅ ሰዎች ሐውልትና መቃብር ያንጹ የነበረው፣ ምግብና መጠጥ ከሟቹ ጋር ያስቀምጡ የነበረው ኬ-ኤ እንዳይራብ ብለው ነው። ቢ-ኤን ደግሞ የሰው ራስ ያለው ወፍ አድርገው ይስሉት ነበር። ተዝካር የሚያወጣ፣ ለሙት የሚጸልይ ሕዝብ ልጆች ይህን ሰምተው በዝምታ የሚያልፉት አይመስለኝም። ኤክስ-ዩ ከቬትናም ናት፤ የአገሩ ገንዘብ የዶንግ አንድ መቶኛ የነበረች ሳንቲም። ኦ-ኢ በፋሮ ደሴቶች የሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ናት። ሲ-ደብልዩ-ኤም ከዌልስ የመጣች፣ በተራራ ጉያ የተቦረቦረች ሸለቆ ናት፤ በእንግሊዛዊ ዐይን አናባቢ የላትም፣ በዌልስ ቋንቋ ግን ደብልዩ አናባቢ ናት። ተራራ ወጪው ጆርጅ ማሎሪ በ1921 ኤቨረስት ሥር ያየውን ታላቅ የበረዶ ሸለቆ የሰየመው በዚህችው ቃል ነው፤ ተራራውን ከደቡብ፣ ከኔፓል በኩል የሚወጡ እስከ ዛሬ በዚያ ያልፋሉ።

ይህንን ሁሉ ስናገር ሁልጊዜ የናይጀል ሪቻርድስ ስም ይጠራብኛል። የኒውዚላንድ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛው ስክራብል ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2015 ፈረንሳይኛ መናገር ሳይችል፣ የፈረንሳይኛውን መዝገብ በሳምንታት ውስጥ አጥንቶ የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። በ2024 ደግሞ ግራናዳ ላይ የስፓኝኛውን። «አየህ ጋሼ፣ ትርጉም አያስፈልግም» ይሉኛል። የሰውዬውን ችሎታ አደንቃለሁ፤ እንዲህ ያለ አእምሮ በየዘመኑ አይወለድም። በዚያው በ2015 ፐርዝ ከተማ ላይ ናይጄሪያዊው ዌሊንግተን ጂጌሬ ከአፍሪካ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ደግሞ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ናይጄሪያውያኑ ረጅሙን ትተው አጠር ያለ ቃል መምረጣቸው አንዱ የታወቁበት ስልት ነው። እነዚህ ግን የውድድር ሰዎች ናቸው፤ ፊታቸው ሰዓት ይቆጥራል። እኛ ሳሎን ተቀምጠን፣ ፈንዲሻው መሐል ላይ ሆኖ፣ ማን ያጣድፈናል? ሻምፒዮኑ ትርጉም ስላላስፈለገው የእናቴ ሳሎን ውስጥም ትርጉም ይቅር የሚል ፍርድ ከየት መጣ?

ነገሩ ከመሰልቸት አልፎ የሚያመው ስድቦቹ ላይ ሲደርስ ነው። ሰውን በዘሩ፣ በቆዳው፣ በሃይማኖቱ የሚያዋርዱ ቃላት ለዓመታት በውድድር ዝርዝሮቹ ውስጥ ሕጋዊ ሆነው ኖረዋል። በ2020 የሰሜን አሜሪካው የተጫዋቾች ማኅበር ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ቃላት ከዝርዝሩ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ከሰሜን አሜሪካ ውጭ የጨዋታው ባለቤት የሆነው ማቴል 400 ያህል አስወጣ። ብዙ ተጫዋቾች ተቆጡ። የቁጣቸው ክርክር ምን ነበር? ሰሌዳው ላይ ቃል ትርጉም የለውም፣ ነጥብ ብቻ ነው የሚል ነበር። ያን ጊዜ ነው «አለ እኮ!» የምትለው መልስ ወዴት እንደምታደርስ የገባኝ። በጎዳና ላይ ያ ቃል የተወረወረበት ሰው፣ ልጁ ትምህርት ቤት በዚያ ቃል ተጠርቶ እያለቀሰ የመጣበት ሰው፣ ቃሉን ሰሌዳ ላይ 30 ነጥብ ሆኖ ሲያየው «ትርጉም የለውም» ይበል? ቃልን ከትርጉሙ መለየት የሚችለው ትርጉሙ ደርሶበት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ቃላቱ መውጣታቸው ትክክል ነው እላለሁ፤ ሳይታፈርባቸው እስከዚያ መቆየታቸው ነው የሚገርመው።

የማረጋገጫ መሣሪያዎቹም ይህን ልማድ አባሱት። በሰሜን አሜሪካ ለውድድር የሚታተመው የቃላት ዝርዝር ትርጉም አልያዘም፤ ቃላት ብቻ ተደርድረውበታል። ዳኛ የሚሆነው ኮምፒውተርም ቃሉ ሲጻፍለት ይለፍ ወይም አይለፍ ይላል እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም። ድሮ አንድ ሰው ቃል ሲጠራጠር ወፍራሙን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አውርዶ ያገላብጥ ነበር። ሲያገላብጥ ትርጉሙን ያነባል፣ ከጎኑ ያለውንም ቃል ያነባል፣ ጮክ ብሎ ለሌላውም ያነባል። ዛሬ አውራ ጣት ስልክ ላይ ነክቶ ያበቃል።

በአማርኛችንስ? ስክራብልን በገዛ ፊደላችን እንሥራ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። ገና ሲጀመር ሁሉም ፊደል ላይ ይጣላል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ 231 ፊደል በ100 ጠጠር እንዴት ይከፈላል፣ ሀ እና ሐ እና ኀ አንድ ናቸው ወይስ ሦስት፣ «ሠርግ» በንጉሡ ሠ ካልሆነ ይሰረዝ ወይስ ይለፍ? ይህ ክርክር ተገቢ ነው፣ አልጠላውም። የሚያስከፋኝ በጋዜጣና በመጽሔት የምናገኘው፣ አግድምና ቁልቁል የሚሞላው የቃላት ጨዋታ ነው። በእሱ አንድ ሳጥን አንድ ፊደል ስለሚይዝ ባለሁለት ሳጥን ቃል እንደ ልብ ያስፈልጋል። አዘጋጁ ሲቸግረው የሰው ስም ያስገባል፣ የከተማ ስም ይቆርጣል፣ ወይም የታወቀ ቃል ወስዶ «ሲገለበጥ» ብሎ ያልፋል። የተገለበጠ ቃል ምን ያስተምረናል? አማርኛ ባለሁለት ፊደል ቃል የቸገረው ቋንቋ ነው እንዴ?

ማግ አለ፤ ሸማኔው በድሩ መሐል ወዲያና ወዲህ የሚወረውረው ክር። ጓል አለ፤ መሬት ሲታረስ ተገልብጦ የሚቀር፣ ካልተከሰከሰ ዘር የማያበቅል የደረቀ አፈር። ቄብ አለች፤ እንቁላል ልትጥል የደረሰች ዶሮ። ዋግ አለ፤ የስንዴ አዝመራ መትቶ ገበሬን ባዶ እጁን የሚያስቀር በሽታ። ሽል አለ፤ በማህፀን ገና መልክ በመያዝ ላይ ያለ ፅንስ። ሦስት ሳጥን ከተገኘም እርፍ አለ፤ አራሹ በእጁ ጨብጦ ማረሻውን የሚመራበት። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመላቸው «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በእነዚህ ዓይነቶቹ የተሞላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያወጣው «አማርኛ መዝገበ ቃላት»ም አለ። ሁለቱን ያላገላበጠ ሰው ለአንባቢ የቃላት ጨዋታ ባያዘጋጅ ይሻላል። ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት ማግንና ድርን የሚለይበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ያቺ የእሑድ ጋዜጣ ገጽ ነበረች ያለችው፣ እሷም በግልብጥ ቃላት ተሞላች።

በዚህ ዓመት የፋሲካ ዕለት ለቤቱ ሰው አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። በእንግሊዝኛም ይሁን በአማርኛ፣ ባለሁለትም ሆነ ባለሦስት ፊደል ቃል ያስቀመጠ ሰው ትርጉሙን ይናገር፤ ካላወቀው መዝገበ ቃላት ገልጦ ያንብብልን፣ ነጥቡ ከዚያ በኋላ ይጻፍ። ከታላላቆቹ እትዬ ብቻ ደገፉኝ። የለንደኑ ልጅ እንዲህ ያለ ሕግ የትም የለም አለ። የሜሪላንዱ ደግሞ ተቃውሞውን በአክብሮት አቀረበ፤ «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ አንዱ ጨዋታ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ነው።»

ይፍጅ።